የጅግራ ምስክር

በሾላ ሜዳ ማክሰኞ የቅጠል ቀን ነው። ገበሬው ሁሉ ከማሳው ከየዓይነቱ አንዳንድ ቅጠል ይቆርጥና በብልቃጥ ከድኖ የቀበሌው በር ላይ ወደቆመው አንባቢ ይወስዳል። አንባቢው የሰው ቁመት ያለው ግራጫ ምሰሶ ነው፤ ደረቱ ላይ ትንሽ መስኮት አለችው። ቅጠሉን እዚያ ያኖሩለታል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ከዚያ አረንጓዴ መብራት ያበራና በሴት ድምፅ «ጤነኛ ነው፤ መልካም ቀን» ይላል። ሰውም «አሜን፣ አንቺም ደህና ዋይ» ብሎት ያልፋል። ምሰሶ ምርቃት እንደማይሰማ የማያውቅ የለም፤ ቢሆንም መልካም ቀን ያለን ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ከቅጠል ቸነፈሩ ወዲህ፣ ማለትም ከ2043 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አገሩ የሚኖረው እንዲህ ነው። የሠርግ ቄጠማ በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል፤ እንደታሸገም ይነጠፋል። የሆሳዕና ዘንባባ ወረቀት ነው። ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚሻገር ሰው ጫማውን መድኃኒት ውስጥ ይነክራል፣ ኪሱን ይገለብጣል። አምና አንዲት ፍየል አፏ ላይ ቅጠል እንዳንጠለጠለች ድንበር ጥሳ ተይዛ ሦስት ሳምንት ማቆያ ከርማለች፤ ስትፈታ ወፍራ ነበር። ሰው በፍየሏ ይስቃል እንጂ በሕጉ አይስቅም። ቸነፈሩ የበላውን ማሳ፣ ከማሳውም በኋላ የመጣውን ረሃብ ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ።

ዳመነች ሶርሳ ከእነሱ አንዷ ናት። ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ባሏን ቀብራለች፣ ልጆቿን ድራለች፣ የቀራት ግማሽ ጥማድ መሬትና ጅግራ ነው።

ጅግራ ስኳር ድንች ናት። ስሟን ያወጣላት ቅጠሏ ነው፤ በጅማቶቹ ዳርና ዳር ነጣ ያለ ላባ መሳይ መስመር ወርዶበት፣ በመሀል ነጠብጣብ ተረጭቶበት፣ ቁርጥ የጅግራ ክንፍ ይመስላል። ስትቀቀል ከሦስት ትሰነጠቃለች፤ ሥጋዋ የእንቁላል አስኳል ነው። በቆሎው ሳይደርስ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ ሰው ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ወር፣ የዳመነችን እናት ቤት ይዛ ያሻገረችው እሷ ናት። ሌላው ገበሬ መንግሥት ያመጣውን ዘር ተክሎ ጅግራን ከተዋት ቆይቷል። በወረዳው የቀረችው በዳመነች ጓሮ ብቻ ነበር።

ሐረጓ ከእጅ ወደ እጅ የምታልፍበት ወግ አላት። ሰጪዋ ሴት ሐረጉን ይዛ ከማን ወደ ማን እንደመጣች የሴቶቹን ስም ትቆጥራለች፤ ተቀባይዋ ያንኑ ደግማ ቆጥራ መጨረሻ ላይ የራሷን ስም ትጨምራለች። «እግዜር ይስጥልኝ» አይባልም። ምስጋና ነገር ይዘጋል፣ ሐረግ ደግሞ እንዲዘጋ አይፈለግም ይላሉ። ዳመነች ወጉን በልቧ ይዛዋለች እንጂ ስሟን የምትጨምርላት ሴት ካጣች ሃያ ዓመት አልፏታል።

በግንቦት ወር መጀመሪያ ለአንባቢው አዲስ ዓይን ተገጠመለት። በቀጣዩ ማክሰኞ ዳመነች እንደ ወትሮዋ የጅግራን ቅጠል አኖረችለት። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ቀይ በራ።

«በሽተኛ ነው። በአርባ ቀን ውስጥ ይቃጠል። መልካም ቀን።»

ዳመነች ሳትመልስለት ሄደች።

ከሶዶ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰዎች ብርድ ቤት የሚሉት ነጭ ሕንፃ አለ። የተፈረደበት ተክል ነፍሱን ይዞ የሚሄድበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ዳመነች በሳምንቱ የታሸገ ሣጥን ውስጥ አርባ ሐረግ ይዛ እዚያ ደረሰች። ጫማዋን ነከረች፣ ልብሷን ቀየረች፣ ፀጉሯን ሸፈነች፣ ሁለት በር አለፈችና ጸጋነሽ ከምትባል ሴት ጋር ተገናኘች።

ጸጋነሽ ቆራጭ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በብርድ ቤት ሌላውን ሥራ ሁሉ ማሽን ይሠራዋል፤ ቡቃያ መቁረጡን ግን ማሽን ተሞክሮበት ተትቷል። ማሽኑ ሁሉን ቡቃያ አንድ ዓይነት አድርጎ ይቆርጣል፣ ቡቃያ ደግሞ እንደ ሰው ጠባዩ ለየብቻ ነው። ሥራ ባላት ቀን ጸጋነሽ ሻይም ቡናም አትቀምስም፣ እጇ እንዳይንቀጠቀጥ። ሥራ የሌላት ቀን ስለሌለ ጣዕሙንም ረስታዋለች ይሏታል ባልደረቦቿ።

«ይዩት፣ እማማ» አለችና ማጉያውን ለዳመነች ለቀቀችላት።

ዳመነች አጎንብሳ አየች። አንዲት የምታበራ ለምለም ጉብታ፣ ከጎንና ከጎኗ ያልተገለጡ ሁለት ቅጠሎች እንደ ሕፃን እጅ ታጥፈው። ዓይኗን አንሥታ በባዶ ዓይኗ ስትፈልጋት ከማጉያው ሥር ባለው መስተዋት ላይ ምንም አልነበረም።

«የት ሄደች?»

«እዚያው ናት። ከጤፍ ቅንጣት ታንሳለች።»

«ይቺን ነው በቢላ የምትቆርጪው?»

«ይቺን ነው» አለች ጸጋነሽ። አንድ ፀጉር መሳይ ስለት አነሣች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ጣቷ የተንቀሳቀሰ ሳይመስል ቡቃያዋ ከግንዷ ተለየች። ዳመነች በዕድሜዋ ጥሩ እጅ አይታለች፤ እሾህ የሚነቅል፣ ልጅ የሚያዋልድ፣ ያበጠ የሚበጣ። እንደዚህ ያለ ግን አላየችም፤ ቁጭ ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ተመለከተችው። ሁለት መቶ ቡቃያ ተቆረጠ። የመልስ አውቶቡስ እንዳለባት አንዴም አላስታወሰችም።

ቡቃያዎቹ የስኳር ውሃ ጠጡ፣ ሌላም መራራ የሚሸት ነገር ጠጡ። ከዚያ በትንንሽ ብልቃጥ ሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ገቡ። ነጭ ጉም ከገንዳው አፍ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ የሴቶቹንም እግር ሸፈነ።

«ብርዱ ምን ያህል ነው?» አለች ዳመነች።

«ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት።»

«እኔ ከሐምሌ ብርድ ሌላ አላውቅም። ይሄ የሚገድል አይደለም?»

«ይገድላል እንጂ! የምንፈልገውም እሱን ነው» አለች ጸጋነሽ። «በሽታው ቤቱን የሠራው በትልልቆቹ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ሆዳቸው ውሃ ነው፤ ውሃው በረዶ ይሆንና ይሰነጥቃቸዋል። ጫፏ ላይ ያሉት ግን ገና ሕፃናት ናቸው፤ ውሃ አልቋጠሩም፣ በሽታውም አልደረሰባቸውም። ትልልቆቹ ከነበሽታቸው ይሞታሉ፣ ሕፃናቱ ይተርፋሉ። ከተረፉ።»

«ከሁለት መቶው ስንት ይነሣል?»

«አሥር ከተነሣልኝ እዘምራለሁ።»

«አንድም ባይነሣስ?»

ጸጋነሽ ልታባብላት አልሞከረችም። «ያኔ ጅግራ አለቀች፣ እማማ።»

በአርባኛው ቀን ሦስት ሰዎች ነጭ ልብስ ለብሰው የዳመነችን ጓሮ ሊያቃጥሉ መጡ። ለባዳ እጅ አልሰጥም ብላ እሳቱን ራሷ ለኮሰች። አለቀሰች፤ ጭሱ ነው አላለችም።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከብርድ ቤት መልእክት ይመጣላት ነበር፤ ቁጥር ብቻ። ሁለት መቶ። ሰባ አንድ። አሥራ ስምንት። በመስከረም አራት ሆነ፤ አራቱ ቅጠል አወጡ፣ ሥር ሰደዱ። ዳመነች ቁጥሯን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በጥቅምት ሲመረመሩ ሦስቱ በሽታውን ይዘው ተገኙና ተቃጠሉ። «አንድ» አለ የኅዳሩ መልእክት፤ «ንጹሕ።» በታኅሣሥ ለምስክርነት ተጠራች።

ይህ ምስክርነት ከሕጉ ሁሉ የከበደው ነው። በ2050ዎቹ አንድ ድርጅት የገበሬውን ዘር በራሱ ዘር ቀይሮ፣ የማሽን ወረቀት አስመስሎ አውራጃ ሙሉ ሕዝብ አሞኝቷል። ከዚያ ወዲህ የማሽን ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የጸዳ ተክል ወደ መሬት የሚመለሰው የሚያውቀው ሰው «ይህ የእኔ ነው» ብሎ አውራ ጣቱን ሲያኖር ነው። ምስክር ያጣ ተክል ምንጩ ያልታወቀ ተብሎ ይቃጠላል።

የብርድ ቤቱ ኃላፊ አቶ ምንተስኖት ነው፤ ትሑት፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው። ጸጋነሽ ከጎኑ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ በመስተዋት ክዳን ውስጥ ስንዝር የሞላች ተክል ነበረች።

ዳመነች ለረጅም ጊዜ አየቻት። ቅጠሏ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር። መስመር የለ፣ ነጠብጣብ የለ፣ ላባ የለ።

«የእኔስ?» አለች።

«ይቺ ናት» አለች ጸጋነሽ።

«ይቺማ አይደለችም።»

«እማማ፣ ነጠብጣቡ እኮ በሽታው ነበር። ሲድን ጠፋ።»

«እናቴ፣ የእናቴም እናት፣ በነጠብጣቡ ነው ያወቋት። በሽታ ሲተክሉ ኖሩ ልትዪኝ ነው?»

አቶ ምንተስኖት ማሽኑ የሰጠውን ወረቀት ገፋ አደረገላት። «ማሽኑ አንድ ናቸው ይላል።»

«ማሽኑ አንድ ናቸው ብሎ ከሆነ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?» አለች ዳመነች። ከዚያ ወደ ጸጋነሽ ዞረች፤ ድምፅዋ ለዘበ። «ልጄ፣ እጅሽን አልጠረጠርኩም። አይቼዋለሁ። ግን ይቺን አላውቃትም። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልፈርምም። ያን ጊዜ ሕዝቡን ያሞኙት በሐሰት ወረቀት ላይ ደፍረው የፈረሙ ሰዎች ናቸው።»

ጸጋነሽ ሁለት መቶ ቆርጣ ያተረፈችው አንድ ነው፤ ያንንም ባለቤቱ አልቀበልም ስትል ፊቷ ቀላ። ኃላፊው በትሕትና ሕጉን አነበበ፦ አሥር ቀን ይጠበቃል፣ ከዚያ ይቃጠላል።

ዳመነች ስምንት ቀን ከማንም ሳትነጋገር ሰነበተች። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጫማዋን ነክራ፣ ኪሷን ገልብጣ፣ አጎራባች ቀበሌ ወዳለችው ታላቅ እህቷ ወደ አየለች ሄደች። አየለች ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ እምቢ ብሏታል፣ ምላሷ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ደጃፏ ላይ ቦሎቄ ትፈለፍል ነበር።

«ምነው ፊትሽ ያልበሰለ ድንች መሰለ?» አለቻት።

ዳመነች ሁሉን ነገረቻት። አየለች መጀመሪያ እየሳቀች ሰማች። ዳመነች «ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ» ስትል ሳቁ ቆመ፤ ቦሎቄውም ከእጇ ወደቀ።

«ዲቃላዋ!» አለች።

ዳመነች ክው አለች። ዲቃላዎቹን እንደ አረም ስለምታያቸው ከክዳኑ ሥር ያለችውን ተክል ከእነሱ ጋር አላገናኘቻትም ነበር። እናታቸው በየክረምቱ ማሳው ውስጥ እየተመላለሰች ታያለች፤ አልፎ አልፎ አንዳንድ ሐረግ ነጠብጣቡን ጥሎ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ይገኛል። «ይቺ ዲቃላ ናት፣ ጅግራን ታበላሽብናለች» ትልና ትነቅላለች። እናታቸው ከሞተች በኋላም ዳመነች ራሷ እንዲሁ ስታደርግ ኖራለች፣ እስኪቃጠል ድረስ።

«ገደል ውስጥ ጣያት ተብዬ የምላከው እኔ ነበርኩ» አለች አየለች፣ ቦሎቄውን ሳታነሣ። «አልጣልኳትም። ከቤቱ ጀርባ፣ እማዬ በማትደርስበት፣ እተክላት ነበር። ለብቻዬ ቆፍሬ እበላለሁ። አራት ክረምት በላሁ።»

«ለብቻሽ!»

«ለብቻዬ። ረሃብ ነበራ! እማዬ ሌባ ትለኛለች ብዬ ስልሳ ዓመት አፌን ዘጋሁ።»

«ስትቀቀልስ?» አለች ዳመነች። 

«ከሦስት ትሰነጠቃለች። አስኳል ናት። ብቻ ትልቅ ናት፤ አንዷ የእማዬን ሦስት ታክላለች።»

«ወተቷስ? ጥፍር ታጠቁራለች?»

የጅግራ ሐረግ ሲሰበር የሚወጣው ነጭ ወተት ጥፍር ላይ ከነካ ብዙም ሳይቆይ እንደ ቀለም ይጠቁራል፤ የሌላው ስኳር ድንች ወተት ግን ቡናማ ሆኖ ይቀራል። በእናታቸው ዘመን ጅግራ ያላት ሴት በአውራ ጣቷ ትታወቅ ነበር።

«አንቺ ደግሞ!» አለች አየለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ጥፍሬን በሎሚ ስፈትግ ታዪኝ የነበረው ለምን ይመስልሻል?»

ዳመነች አስታወሰች። እህቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓዳ ተደብቃ፣ ግማሽ ሎሚ ይዛ፣ ጥፍሯን ስትፈትግ። ለወንዶች ነው የምትቆነጀው ብላ ስልሳ ዓመት ሙሉ በልቧ ስታማት ኖራለች።

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ዳመነች አለቀሰች። ያስለቀሳት የእህቷ ስርቆት አልነበረም። እናቷ ነበረች፤ በዚያ ክፉ ወር ለአምስት ልጅ ሦስት ቀጫጫ ድንች እያካፈለች፣ «እኔ ጠግቤያለሁ» እያለች፣ በጠዋት ደግሞ ተነሥታ በገዛ እጇ የዳነችውን እየነቀለች በሽተኛዋን የምታቆይ እናቷ።

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» አለች አየለች። «እሷ ምን ታድርግ? እናቷ ያስተማረቻትን ነው የሠራችው። ተይ አታልቅሺ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ይልቅ ስንት ቀን ቀረሽ?»

ዳመነች በአሥረኛው ቀን በጠዋት ብርድ ቤት ደረሰች። አቶ ምንተስኖት ሰዓቱን እያየ ነበር። ጸጋነሽ ተክሏን በክዳኗ ውስጥ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ከመፈረሜ በፊት አንዲት ቅጠል ልስበር» አለች ዳመነች።

«አይቻልም» አለ ኃላፊው። «ከርክክብ በፊት በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው። ለመሰከረ ሰው ብቻ ነው የምናስረክበው።»

«ሳልነካት እንዴት ልመስክር?»

«ሕጉ በማየት ነው የሚለው፣ እማማ።»

ጸጋነሽ ጓንቷን አጠበቀች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ተክሏን ወደ ብርሃን ልታዞራት እንደሆነ ሁሉ አነሣቻት። ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመት ተንቀጥቅጦ የማያውቀው እጇ ተንቀጠቀጠ። አንድ ቅጠል ከነዘንጉ ተቀንጥሶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ውይ» አለች ጸጋነሽ፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

አቶ ምንተስኖት ቅጠሉን አየ፣ ጸጋነሽን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «የወደቀ ቅጠል ቆሻሻ ነው» አለ በመጨረሻ። «ስለ ቆሻሻ መመሪያው የሚለው ነገር ያለ አይመስለኝም።» ወደ መስኮቱም ዞረ።

ዳመነች ዘንጉን አነሥታ ሰበረችው። ነጭ ወተት ወጣ። አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አንጠባጠበችውና ጠበቀች።  ወተቱ መጀመሪያ ነጭ ነበር፤ ከዚያ ደፈረሰ፣ ቡናማ ሆነ። ቡናማ ላይ ቆመ። ዳመነች በልቧ የእህቷን ሎሚ አሰበች፣ እናቷን አሰበች፣ ዓይኗንም ከጥፍሯ አልነቀለችም።

ጠርዙ ጠቆረ። ጥቁሩ ወደ መሀል ሄደ፣ ጥፍሯን ሁሉ ሸፈነው።

«ጅግራ ናት» አለች። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

የመዝገቡን ሰሌዳ አቀረቡላት፤ አውራ ጣቷን አኖረች። ሰሌዳው በሴት ድምፅ «ጣትዎ ቆሽሿል፤ እባክዎ ጠርገው ይሞክሩ» አለ።

«አልጠርግም» አለችው ዳመነች፤ እንደገናም አኖረች። በሦስተኛው ተቀበላት።

ጸጋነሽ ተክሏን ልታስረክባት እጇን ስትዘረጋ ዳመነች አልተቀበለቻትም። «እንደሱ አይደለም» አለች። ተነሥታ ቆመች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ሁለት እጇን ተክሏ ላይ አኖረችና ሃያ ዓመት ያልወጣትን ቃል ጀመረች።

«ይቺ ጅግራ ናት። ከዋጌ ወደ ጨምሬ፣ ከጨምሬ ወደ እናቴ ወደ ዘነበች፣ ከዘነበች ወደ አየለች፣ እሷ ሰርቃ ነው፣ ከዘነበች ወደ ዳመነች። ከዳመነች…» ቆም ብላ ቆራጭዋን አየቻት። «ቀጥዪ እንጂ።»

ጸጋነሽ ነገሩ ሲገባት ዓይኗ እንባ ሞላ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ሰው እግዜር ይስጥልኝ ብሏት እንደሄደ አታስታውስም፤ ስሟን የጠየቃት ግን አልነበረም። «እግዚአብሔር ይስ…» ማለት ስትጀምር ዳመነች በጥቁር ጥፍሯ አፏን ያዘቻት።

«ምስጋና የለም። ስሞቹን ቁጠሪ፣ መጨረሻ ላይ ራስሽን ጨምሪ።»

ጸጋነሽ ቆጠረች። ጨምሬ ላይ ተሳሳተች፣ ታረመች፣ የአየለችን ስርቆትም አልዘለለችም።

«…ከዘነበች ወደ ዳመነች፣ ከዳመነች ወደ ጸጋነሽ።»

«እሰይ። አሁን ስጪኝ።»

ጸጋነሽ ተክሏን አነሣችና ሰጠቻት። ዳመነች ተቀበለች፤ ከዋጌ ጀምራ አንድም ሳታስቀር ደግማ ቆጠረች፣ መጨረሻውንም ጮክ ብላ፣ ኃላፊውም እንዲሰማ አድርጋ ጨረሰችው።

«ከጸጋነሽ ወደ ዳመነች።»